ሐሳቡን በጥሬ ገንዘብ የሸጠው ጠመንጃ ሠሪ

የካውቦይ ፊልም አይታችሁ ከሆነ ጠመንጃውን ታውቁታላችሁ። ፈረሰኛው ይተኩሳል፤ ከምላጩ ሥር ያለችውን ቀለበት የመሰለች ብረት በጣቶቹ ወደ ታች ገፍቶ መልሶ ይስባታል፤ ባዶው ቀለህ ዘሎ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት ቦታውን ይይዛል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ያቺ ብረት ሌቨር ትባላለች። ጠመንጃውንም «ሌቨር አክሽን» ያሰኘችው እሷ ናት።

እነዚህ ጠመንጃዎች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንደ አሮጌ መኪና ይሰበሰባሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው አንድ የአደን ጠመንጃ፣ ቀለሙ ካልተነካና ዕቃው ካልተቀየረ፣ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ስም «ዊንቸስተር» ነው። ብልሃቱን ያሰበው ሰው ስም ግን የለበትም። ያ ሰው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ይባላል። ሰብሳቢዎች አብዝተው ከሚፈልጓቸው የዊንቸስተር ሞዴሎች መካከል የ1886፣ የ1892፣ የ1894 እና የ1895 አራቱም የእሱ ሥራዎች ናቸው።

እኔን የሳበኝ ከብረቱ ይልቅ ሒሳቡ ነው። ሐሳብ ያለው ሰውና ፋብሪካ ያለው ሰው ሲገናኙ ትርፉ ለማን ይደርሳል? የብራውኒንግ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአባቱ ሱቅ

ጆን የተወለደው በ1855 በዛሬዋ ዩታ፣ ኦግደን ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግም ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የሞርሞን እምነት ተከታይ ሲሆን፣ ከእምነት ወንድሞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ተሰዶ በ1852 ዩታ ደረሰ። ሦስት ሚስቶችና 22 ልጆች ነበሩት። ቤቱ ምን ያህል አፍ እንደሚመግብ አስቡት።

ያኔ ባቡር ወደ ዩታ አልገባም። ዕቃ ሲሰበር አዲስ ማዘዝ ዘበት ነው፤ ያለው አማራጭ መጠገን ብቻ ነው። ስለዚህ የአባቱ ሱቅ ለጆን ትምህርት ቤት ሆነለት። የእያንዳንዱን ፋብሪካ ጠመንጃ ሆድ ከፍቶ አየ፤ የቱ ብረት ቶሎ እንደሚሰበር፣ የቱ ምንጭ ቶሎ እንደሚዝል በእጁ ተማረ። ገና ልጅ ሳለ ከተጣለ ቁርጥራጭ ብረትና እንጨት የራሱን ጠመንጃ ሠርቷል።

የቀለም ትምህርቱ ብዙም አልገፋም። ካደገ በኋላም ብዙውን ጊዜ በወረቀት ላይ ንድፍ ከመሥራት ይልቅ በቀጥታ ከብረት ጋር ነበር የሚታገለው። በጭንቅላቱ ያየውን ክፍል ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ገጣጥሞ ይሞክረዋል። ካልሠራ እንደገና ይቆርጣል።

1879 በሕይወቱ ብዙ ነገር የተደራረበበት ዓመት ነው። አባቱ ሞተ፣ እሱ ሬቸል ቴሬዛ ቻይልድ የምትባል ወጣት አገባ፣ የመጀመሪያውንም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። መብቱ የተሰጠው አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ፣ ግን ጠንካራና ቀላል ለሆነ የአደን ጠመንጃ ነው። ይህም ጠመንጃ የሚከፈተውና የሚዘጋው ከሥሩ ባለች ሌቨር ነበር። ጆንና ወንድሞቹ ኦግደን ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍተው ማምረት ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 600 ያህል ሠሩ። ለወንድማማቾች ወርክሾፕ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ግን ከዚያ በላይ መሄድ አልቻሉም።

የ8,000 ዶላሩ ሽያጭ

ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዱ እጅ ለእጅ ዞሮ የዊንቸስተር ሰዎች ጋ ደረሰ። ዊንቸስተር ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ የነበረ ትልቅ ፋብሪካ ነው። የዘመኑ የሌቨር ጠመንጃ ገበያ በእጁ ነበር ማለት ይቻላል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቶማስ ቤኔት የመሥራቹ የኦሊቨር ዊንቸስተር አማች ነው። በ1883 በባቡር ተሳፍሮ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሊባል በሚችል ጉዞ አቋርጦ ኦግደን ገባ። ያገኘው ፋብሪካ ሳይሆን ብረት የሚሞርዱ ወጣት ወንድማማቾችን ነው። የጠመንጃውን መብት በ8,000 ዶላር ገዝቶ ተመለሰ። ያ ጠመንጃ በኋላ የዊንቸስተር ሞዴል 1885 ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ምስኪኑን ልጅ አታለሉት ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። በዚያ ዘመን ለኦግደን ሱቅ 8,000 ዶላር ትልቅ ካፒታል ነው። ጆን ማምረት የሚችለው በመቶዎች ነው፤ ዊንቸስተር በሺዎች። ወንድማማቾቹ ማሽን፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የማስታወቂያ ገንዘብ አልነበራቸውም። በዚያ ላይ ጠመንጃው ገበያ ላይ ባይሳካ ኪሳራው የዊንቸስተር እንጂ የጆን አይደለም። ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚመጣ ድርሻ፣ ማለትም ሮያሊቲ፣ ገዢ እስኪገኝ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ግን ኪስ ይገባል።

ትልቁ ትርፉ ደግሞ ጊዜ ነበር። ጆን ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ጠመንጃ እየደጋገመ ከመሥራት ነፃ ወጣ። ሙሉ ቀኑን አዲስ ነገር ለማሰብ ማዋል ቻለ።

የመቀርቀሪያው ብልሃት

ዊንቸስተር ያኔ አንድ ራስ ምታት ነበረበት። ዝነኛው ሞዴል 1873 ፈጣን ነው፤ ጉልበት ግን የለውም። ጥይቱን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው አካል እንደ ክርን የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነበር። ለአጭርና ለደካማ ጥይት ይበቃል። ጎሽና ትልቅ ድብ የሚያድኑ ሰዎች ግን የሚፈልጉት ሠራዊቱ ይጠቀምበት የነበረውን 45-70 የተባለ ወፍራም ጥይት ነበር። ያንን በ1873ቱ መተኮስ አይታሰብም።

የጆን መልስ በቤታችን የምናውቀውን የበር መቀርቀሪያ ይመስላል። ሌቨሯ ስትዘጋ ሁለት ቋሚ ብረቶች ከታች ወደ ላይ ይንሸራተቱና ጥይቱን የሚደግፈውን አካል ግራና ቀኝ ይቆልፉታል። ጥይቱ ሲፈነዳ ግፊቱ የሚያርፈው በታጠፈ ክርን ላይ መሆኑ ቀርቶ በወፍራም መቀርቀሪያ ላይ ሆነ። ሌቨሯ ስትከፈት መቀርቀሪያዎቹ ይወርዳሉ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ይህ ሞዴል 1886 ነው። ዛሬም ሰብሳቢዎች ሌቨሩን አንዴ ከፍተው ሲዘጉት ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚያመጣው ይኸው ልስላሴ ነው።

ቀጥሎ ቤኔት ያንኑ ብልሃት ለትንንሽ ጥይት አሳንስልኝ አለው። የቤተሰቡ ታሪክ እንደሚለው፣ ጆን ሥራውን በአንድ ወር እጨርሳለሁ ብሎ ተወራርዶ ቀኑ ሳይሞላ አስረከበ። ሞዴል 1892 ተወለደ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ጆን ዌይን በፊልሞቹ ላይ በትልቅ ቀለበት የሚያሽከረክረውም ይሄው ነው። ፊልሞቹ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ዘመን ጠመንጃው ገና ያልተሠራበት መሆኑን ልብ ያለው ተመልካች ግን ጥቂት ነው።

ሞዴል 1894 ደግሞ ገበያውን ገለበጠው። ጊዜው ጭስ የሚያጨሰው ጥቁር ባሩድ ለአዲሱ ጭስ አልባ ባሩድ ቦታ የሚለቅበት ነበር። 30-30 የተባለችው ጥይት ከዚህ ጠመንጃ ጋር ተጣመረችና የገጠር አሜሪካዊ አጋዘን አዳኝ መለያ ሆነች። ቀላል ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፈረስ ኮርቻ ላይ ይመቻል። አንድ ሚሊዮንኛው ጠመንጃ በ1927 ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተበረከተ። ኒው ሄቨን ያለው ፋብሪካ በ2006 እስኪዘጋ ድረስ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

የመጨረሻው ሞዴል 1895 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥይታቸውን የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር በተጋደመ ቱቦ ውስጥ ነበር። ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ስለሚሰለፉ ጫፉ የሾለ ጥይት መጠቀም አደጋ ነው፤ የኋለኛው ሹል ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ሊመታና ሊያፈነዳው ይችላል። ጆን ቱቦውን አስወግዶ ጥይቱን ከምላጩ ፊት ባለ ሳጥን ውስጥ ደረደረው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ ይህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሩሲያ ወደ 300,000 የሚጠጋ ለሠራዊቷ ገዝታለች። የአደን መሣሪያ የተባለው በአንድ ጊዜ ምሽግ ውስጥ ገባ።

መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ሐሳቦች

በእነዚህ ዓመታት ጆን ለዊንቸስተር ከ40 በላይ የጠመንጃ ንድፎችን ሸጧል። ተመርተው ገበያ የወጡት ግን 10 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩትስ? መሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ።

ዊንቸስተር ገንዘቡን አልጣለም። የጆን ንድፍ ተፎካካሪ እጅ ቢገባ የሚያመጣው ጉዳት ከዋጋው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ ሁለት ነገር ነው የሚገዛው፤ የሚያመርተውን ጠመንጃና የተፎካካሪዎቹን ዝምታ። ይህን ዛሬ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ትንንሾቹን እየገዙ ሲዘጉ እናየዋለን። ስልቱ ከ120 ዓመት በፊትም ነበር።

ጆን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ለሃይማኖቱ አገልግሎት ወደ ጆርጂያ ሄዶ ሰብኳል። ተመልሶ ደግሞ ይበልጥ ሠራ። ከሚስቱ ጋር አሥር ልጆች ወልደዋል። ኑሮው ተደላድሏል። ግን ሒሳቡ ቀስ በቀስ ይታየው ጀመር። ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ እሱም የሰጡትን እየተቀበለ ሌላ ውል ያስብ ነበር።

በ1897 ከቤልጅየም ሰው መጣ። ሄርስታል ከተማ ያለው ኤፍ ኤን የተባለው ፋብሪካ ሽጉጡን ለማምረት ፈለገና በእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ እንዲያገኝ ተዋዋሉ። ሮያሊቲ እንዲህ ወደ ሕይወቱ ገባ።

1902፦ በሩ ሲዘጋ

ቀጥሎ የመጣው ፈጠራ ሌቨር የለውም። ትንንሽ እርሳስ የሚረጨውን፣ ወፍ የሚታደንበትን ሾትገን ጆን ራሱን በራሱ እንዲያጎርስ አደረገው። አዳኙ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጆን ይህ ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ እንደሚሆን ገብቶታል።

ወደ ቤኔት ወሰደው። ዊንቸስተር ሁለት ዓመት ያህል አመነታ። ጆን በዚህኛው በአንድ ክፍያ አልሸጥም አለ፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻዬን እፈልጋለሁ አለ። ቤኔት እምቢ አለ።

የቤኔትንም ወገን እንየው። ለአንድ ሰው ሮያሊቲ ከተከፈለ ነገ ሌላውም ይጠይቃል። ከዚህም በላይ፣ አዲሱ መሣሪያ ገበያ ካገኘ ዊንቸስተር ራሱ የሚሸጣቸውን ሾትገኖች ይበላል። ግን ቤኔት አንድ ነገር አልቆጠረም። የሚደራደረው ከ1883ቱ ልጅ ጋር አልነበረም። ይኼኛው ጆን ስም አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ሌላ በር ያውቃል።

ሁለተኛው በር ሬሚንግተን ነበር። በጥር 1902 ጆን ከሬሚንግተን ፕሬዚዳንት ከማርሴለስ ሃርትሊ ጋር ሊገናኝ ቀጠሮ ይዞ ሄደ። ቢሮ ደርሶ እየጠበቀ ሳለ ሰውየው በድንገተኛ የልብ ሕመም መሞቱን ሰማ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ዊንቸስተር ተመልሶ ይለማመጥ ነበር። ጆን ግን ጠመንጃውን ይዞ መርከብ ተሳፈረና ቤልጅየም ወረደ። ኤፍ ኤን ውሉን ፈረመ። ብራውኒንጎችም ራሳቸው 10,000 ጠመንጃ አዘዙ። ሾትገኑ «ኦቶ-5» ተብሎ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ሲመረት ኖረ። ሬሚንግተንም በኋላ ፈቃድ ወስዶ አሜሪካ ውስጥ ሠራው።

ዊንቸስተርስ? የጆንን ፓተንት ላለመንካት ዙሪያውን ሲዞር ዓመታት ፈጀበት። በ1911 ያወጣው የራሱ ሾትገን ማጎረሻ እጀታ እንኳ ስላልነበረው አፈሙዙን ይዞ ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልግ ነበር። ጥንቃቄ የጎደላቸው ሰዎች ተጎዱበት። ሮያሊቲ አልከፍልም ያለ ድርጅት በሌላ መንገድ ከፈለ።

የቤልጅየሙ ዘመን

የኤፍ ኤን አገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ቤልጅግ የሚሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከቤልጅየም ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢትዮጵያ ከኤፍ ኤን ፋብሪካ ጠመንጃ ገዝታለች። ንድፉ ግን የጀርመኑ ማውዘር እንጂ የብራውኒንግ አልነበረም።

ጆን በቀሪ ዘመኑ አትላንቲክን ደጋግሞ አቋረጠ። ከ1902 በኋላ ስሙ ከአደን ሜዳ ይልቅ በጦር ሜዳ ጎላ። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለበት ሽጉጥ የእሱ ንድፍ ነበር፤ ኤፍ ኤን የሠራው። አሜሪካ ጦርነቱን ስትቀላቀል የእሱን መትረየሶችና አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ታጠቀች። ልጁ ቫል በ1918 ፈረንሳይ ግንባር ላይ አባቱ የሠራውን አውቶማቲክ ጠመንጃ ይዞ ተዋግቷል። የጆን እጅ ያፈራውን ስንቆጥር በዚያ የጠፋውንም ሕይወት መርሳት አይገባም። የሰብሳቢዎች መድረክ ላይ ይህ ብዙ አይነሣም።

የሚገርመው፣ ከዊንቸስተር ጋር ለድርሻው የተጣላው ሰው ለአገሩ መንግሥት ሌላ ሰው ሆነ። በጦርነቱ ወቅት ለመሣሪያዎቹ መብት የቀረበለትን 750,000 ዶላር ሳይከራከር ተቀበለ። በሮያሊቲ ቢሰላ ብዙ ሚሊዮን ይሆን ነበር። ያውቀዋል፤ ግን አልጠየቀም። ከነጋዴ ጋር ነጋዴ፣ ከአገሩ ጋር ዜጋ ሆነ ልንል እንችላለን።

ኅዳር 1926 ኤፍ ኤን ፋብሪካ ውስጥ፣ ልጁ ቫል በሚሠራበት ክፍል፣ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ደከመ። በዚያው ሞተ። 71 ዓመቱ ነበር። 128 ፓተንቶች በስሙ ተመዝግበው ቀሩ። አስከሬኑ ወደ ኦግደን ተወስዶ ተቀበረ። ዛሬ በከተማዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ።

ሰብሳቢው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ወደ ገበያው እንመለስ። አሜሪካዊ ሰብሳቢ አንድ አሮጌ ዊንቸስተር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ተከታታይ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ዓመቱን ይነግረዋል። ዓመቱ ደግሞ ሕግም ነው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚቆጠር ግዢው ይቀላል። ለብዙዎቹ ሞዴሎች የፋብሪካው መዝገብ ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ስላለ፣ ጠመንጃው ሲሠራ ምን ዓይነት እንደነበር የሚመሰክር ደብዳቤ ከዚያ ይወጣል። ያ ወረቀት ብቻውን ዋጋ ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚታየው ጠመንጃው በኋላ መነካካቱ ነው። ዝጎ የነበረውን ብረት አሽቶ እንደ አዲስ ማጥቆር ለእኛ ዓይን ማሳመር ነው። ለሰብሳቢ ግን ማበላሸት ነው። አሮጌው ቀለም፣ በአዳኝ እጅ የተላገው ሰደፍ፣ ኮርቻ ያሻሸው ጎን እንዳለ ሲሆን ነው ዋጋው።

ሦስተኛው 1964 ነው። በዚያ ዓመት ዊንቸስተር ወጪ ለመቀነስ ብሎ የአሠራር ዘዴውን ቀየረ። ከጠንካራ ብረት ተቆርጠው ይሠሩ የነበሩ ክፍሎች በርካሽ ዘዴ በሚሠሩ ተተኩ። ገዢው ወዲያው አወቀ። እስከ ዛሬ በጨረታ ላይ ከ1964 በፊት የሚለው ቃል ዋጋ የሚለይ ቃል ነው። ፋብሪካው ያተረፈው ሳንቲም በስሙ ላይ ዕዳ ሆነበት።

ከዚህ ሁሉ ግን ለብራውኒንግ ቤተሰብ የሚደርስ የለም። በ1890ዎቹ በአንድ ክፍያ ተሽጧል፤ አለቀ። ሮያሊቲ ቢኖረው እንኳ ከሰባት ሚሊዮኑ ሁሉ አያገኝም ነበር፤ የዘመኑ ፓተንት የሚቆየው 17 ዓመት ነው። ስለዚህ የሞዴል 1894 መብት በ1911 ያበቃል፤ ያኔ የተመረተው ገና አንድ ሚሊዮን አልሞላም። ይህንንም በሒሳቡ ማስገባት ተገቢ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ግን ከሒሳብ በላይ ነው። ዊንቸስተር በ1931 ከሰረና የኦሊን ቤተሰብ ኩባንያ ገዛው። ዛሬ የዊንቸስተርን የጠመንጃ ስም በፈቃድ የሚጠቀምበት የብራውኒንግ ኩባንያ ነው፤ እሱም የኤፍ ኤን ቡድን አካል ነው። አሁን ገበያ ላይ ያሉት አዲሶቹ 1886፣ 1892፣ 1894 እና 1895 የሚሠሩት ጃፓን ውስጥ ሚሮኩ በተባለ ፋብሪካ ነው። የዊንቸስተር ስም ተቀርጾባቸው ይወጣሉ፤ የሚሸጣቸው ግን በ1902 በሩ የተዘጋበት ሰው ስም ያለው ድርጅት ነው።

ከእናንተ መካከል አፕ የሚሠራ፣ ዲዛይን የሚነድፍ፣ ዜማ የሚያቀብል አይጠፋም። በአንድ ክፍያ ሽጥ ሲሏችሁ ሁልጊዜ እምቢ በሉ አልልም። ጆን በ28 ዓመቱ ሸጠ፣ ትክክልም ነበር፤ ጊዜና ካፒታል ገዛበት። በ47 ዓመቱ አልሸጥም አለ፣ ያም ትክክል ነበር። በመሐል የተለወጠው ሌላ የሚያንኳኳው በር ማግኘቱ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት እናንተስ ስንት በር ታውቃላችሁ?